በኮምፒውተሩ ውስጥ ያየችው ልጅ

ወዳጄ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ። የቴፒዋን ሚርያምን ታውቂያት እንደሆነ እንጃ። ከገበያው ኋላ፣ ከቡና መጋዘኖቹ ማዶ፣ ቆርቆሮውን ዝገት የበላው ቤት ያላት ናት። ጸሎት ቤት ከፊት ወንበር የማትጠፋ፣ የሰው ለቅሶ የማታሳልፍ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። መጥፎ ሴት አይደለችም። ይሄን ከመጀመሪያው ያዥልኝ፣ ኋላ ስትሰሚ ትጠያታለሽና።

ልጆቿ ሁለት ናቸው። ትልቁ አሞጽ ሚዛን ላይ ኮምፒውተር ያስተምራል። ታናሿ ሆሳዕና ከእናቷ ጋር ቴፒ ትኖራለች፣ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቀማ ትሠራ ነበር።

ሆሳዕና የግራ ዓይኗን ገና ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ወስዶባታል። ነጭ ነው፣ ያላየው ሰው የለም። በቀኙ ግን ደኅና አድርጋ ታይ ነበር። የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ እጇ አይቆምም። ኋላ የቡናው ገለባ አቧራ ዓይኗን ያሳክካት ጀመር። ታሻለች። ባሸችው ቁጥር የዓይኗ ፊት እየሾለ መጣ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ጥርት ያለ ዓይን ነው፣ ምንም የለበትም። እሷ ግን በዚያ ጥርት ባለ ዓይን የሰው ፊት እንደ ጭስ ሆነባት።

ይሄ ሲሆን ጣቷ ላይ ቀለበት ገብቷል። የማሻው አልአዛር ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰብ ተያይቶ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። አልአዛር መምህር ነው፣ ጨዋ ልጅ። የግራውን ዓይን አይቶ፣ «አንዱ ይበቃታል» ብሎ ነው የመረጣት።

«እማዬ፣ ፊትሽን እኮ አላየውም» አለቻት ሆሳዕና አንድ ቀን ጠዋት።

«ፊቴን ስታዪው ነው ያደግሽው። አልተለወጠም።»

«ለአልአዛር ልንገረው?»

«ምን ብለሽ? ግራው ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ቀኙ ተከተለው ብለሽ? እሱ ይችለው ይሆናል፣ እናቱ ይችሉታል? አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ። ጌታ መንገድ አለው።»

ጌታ መንገድ እስኪያሳያት ድረስ ሚርያም መድኃኒት ቤት ሄደች። ልጄን ዓይኗን ያሳክካታል አለች፣ ጠብታ ሰጧት። ጠብታው ማሳከኩን ቀጥ አደረገው። ሲያልቅ ሌላ ገዛች፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። ለአልአዛር ደግሞ በስልክ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ ቴክስት አትላክላት፣ ደውልላት እንጂ። ድምፅህን ስትሰማ ነው ደስ የሚላት።» እሱም ደስ ብሎት በየቀኑ ደወለ። አሞጽ እንኳን አላወቀም። ለዓመት በዓል ሲመጣ ሆሳዕና የቤቱን ጥግ ሁሉ በእጇ ስለምታውቀው እንደ ድሮዋ ጉድ ጉድ ስትል ያያታል።

ግንቦት ላይ የዓይን ምርመራ ዘመቻ ቴፒ መጣ። ከሞተ ሰው የተለገሰ የዓይን ብሌን ለሌላው የሚተክል ማዕከል ነው የላካቸው፣ ብሌን ለሚያስፈልገው ሰው ምዝገባ አለ ተባለ። የዚያን ጊዜ ደንቡ አንድ ነበር፣ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠራል። ሚርያም ሰው ሳይሰማ ገና በማለዳ ልጇን ይዛ ሄደች። ሐሳቧ ይሄ ነው። ለነጩ ለግራው ዓይን ብላ ታስመዘግባታለች። ተራዋ ደርሶ ትልቁ ከተማ ስትጠራ፣ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት፣ ለዶክተሩ በጆሮው «ቀኙን ነው» ትለዋለች። ልጅቱ አይታ ትመለሳለች፣ ማንም ሳያውቅ ትዳራለች።

በሩ ላይ ሲደርሱ የምትመረምረው ነርስ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሮዳስ። የአልአዛር ታላቅ እህት።

«እንዴ ሙሽራችን!» ብላ አቀፈቻት። «ነይ ግቢ፣ ሰልፉን ተይው፣ አንቺማ የቤት ሰው ነሽ።»

ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እንደ ሹካ ያለ ጥቁር ምልክት ከላይ ትልቅ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል። የሹካው ጥርስ ወደ የት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ነው ፈተናው። የግራው ዓይን ምንም አላየም፣ እሱ የታወቀ ነው። ቀኙ ሲደርስ ሚርያም ከልጇ ጀርባ ቆማ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሹካው ወደ ቀኝ ሲዞር ቀኝ ትከሻዋን ነካ አደረገች። ወደ ግራ ሲዞር ግራዋን። ወደ ላይ ሲሆን ማጅራቷን ሽቅብ፣ ወደ ታች ሲሆን አከርካሪዋን ቁልቁል። አስቀድመው አልተነጋገሩም። ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገባትና ቆመች፣ ቀጥሎ ገባት። እናትና ልጅ አይደሉ!

«እትዬ ሚርያም፣ ይልቀቋት እንጂ፣ አትወድቅም!» አለች ሮዳስ እየሳቀች።

«ኧረ ልጄ፣ ሐፍረታም ናት፣ ካልያዝኳት ትሮጣለች።»

ሁሉም ሳቁ። ሮዳስ «ቀኝ ዓይን ጥሩ ያያል» ብላ ጻፈች። «የኛ ሙሽራ በዚህ ብቻ ከሁለት ዓይን ትበልጣለች» ብላም ሸኘቻቸው። ሚርያም መንገድ ላይ ጌታን አመሰገነች። ከልቧ ነው ያመሰገነችው።

መስከረም ላይ ልጇን ልትጠይቅ ሚዛን ወጣች። ዝናቡ አልቆመም ነበር። አሞጽ ቢሮው አስገብቷት ሻይ አዘዘላትና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ነጠብጣብ ሞልቶበታል፣ ገሚሱ ጥቁር፣ ገሚሱ ቢጫ።

«ምንድነው ይሄ? ጨዋታ ነው?»

«ሲሙሌሽን ይባላል እማዬ። የውሸት አገር ሠራሁ በይው። እያንዳንዷ ነጥብ ሰው ናት። ጥቁሯ ማየት ያቃታት፣ ቢጫዋ የምታይ። አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ሲሞት ብሌኑን ይሰጣል፣ አንዳንዱ ይጠብቃል። እኔ ደንብ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ብዙ ዓመቱን በደቂቃ ያስኬደዋል።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«በደቂቃ እንደገደልካቸው።»

አሞጽ ሳቀ። «የዓይን ማዕከሉ ነው የጠየቀን። ብሌን ትንሽ ነው፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ማን ይቅደም? በእውነተኛ ሰው ላይ ደንብ ልትሞክሪ አትችዪም፣ የተሳሳትሽ ቀን ሰው ታውሮ ይቀራል። እዚህ ውስጥ ግን ብትሳሳቺ እንደገና ታስጀምሪዋለሽ። እይ፣ ይሄ ያሁኑ ደንብ ነው፣ ቀድሞ የመጣ ይቅደም።» ነካ አደረገው። ነጥቦቹ ተርመሰመሱ፣ ቆሙ። ጥቁሩ ብዙ ነው። «አሁን ደግሞ ይሄን እይ። ሁለቱም ዓይኑ የጠፋ ይቅደም።» ነካው። ስክሪኑ ቢጫ በቢጫ ሆነ።

የሚርያም ልብ ዘለለ። ሁለቱም ዓይኗ የጠፋባት ልጅ ቤቷ ተቀምጣለች። «ጌታ ሆይ ተመስገን!» አለች ድምፅ አውጥታ። «ይሄ ነው የጌታ ደንብ! እንግዲህ እህትህ ልትጠራ ነው!»

አሞጽ ፊቱ ከበድ አለ። «እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። ሆሳዕናን ወደ ኋላ ይወስዳታል እማዬ። ቀኟ ያያል ተብሎ ነው የተመዘገበው። ባሁኑ ደንብ ጥቂት ሰው ነው የሚቀድማት። በዚህኛው ከኋላ ከመጨረሻዎቹ ናት። እኔም ሳየው አመመኝ። ግን የኔ እህት ናት ብዬ ባበላሸው ሌብነት ነው። ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው፣ እህቴ ራሷ በዚህ ደንብ ከኋላ ትሆናለች አልኳቸው። ታውቂያለሽ ምን አደረጉ? ቆመው አጨበጨቡልኝ።»

«አጨበጨቡልህ?»

«ቆመው።»

ሚርያም ሻዩን አስቀመጠች። እውነቱ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ግን ልጇን ታውቀዋለች። በልጅነቱ ሌሎች ልጆች የሰረቁትን ሸንኮራ አገዳ ተሸክሞ በዝናብ ለባለቤቱ የመለሰ ልጅ ነው። ብትነግረው እዚያው ስልኩን አንስቶ ሮዳስ ጋ ይደውላል። እንደገና ትመርመር ይላል። በማግስቱ ማሻ ሙሉ ይሰማል። ሠርጉ ደግሞ ሊደርስ ነው።

«ደንቡን ልከኸዋል?» አለችው።

«ነገ እልካለሁ።»

«አትላከው።»

«እማዬ!»

«አትላከው አልኩህ። የማታውቀው ዕውር ከእህትህ ይበልጥብሃል? ከአንድ ማኅፀን አይደለም የወጣችሁት?»

«እሷ እኮ ታያለች! መንገድ ላይ እጁን ተይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ልጆቹን አይቶ የማያውቅ ሰው አለ። እንዴት ነው በአንድ ዓይኗ የምታየዋን አስቀድሜ እሱን...»

«በቃ ተወው። ጭብጨባው ይሙቅህ።»

«እስቲ አንድ ምክንያት ንገሪኝ። አንድ።»

አልነገረችውም። ወዳጄ፣ እዚህ ጋ ነው አፏን መክፈት የነበረባት። የከፈተችውም ለሌላ ነው። ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ» አለችውና ወጣች። አሞጽ ጃንጥላ ይዞ እስከ በር ተከተላት። ዞራ አላየችውም።

ደንቡ ተላከ፣ ማዕከሉም ተቀበለው።

ቡናው ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ በሚሰጣበት ሰሞን ከወደ ሸኮ አንድ አባወራ ተጠራ። ሁለቱም ዓይኑ የጠፋ ነበር፣ የተመዘገበው ከሆሳዕና በኋላ ነው። አይቶ ተመለሰ። ቴፒ ጸሎት ቤት መጥቶ ምስክርነት ሰጠ፣ «የልጆቼን ቁመት አሁን ነው ያወቅኩት» ብሎ አለቀሰ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ጉባኤው ተነሣ። ሆሳዕናም እያጨበጨበች ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ሚርያም ከፊት ወንበር ቆማ ሃሌሉያ አለች። በልቧ ግን የጸለየችው ሌላ ነው፦ ጌታ ሆይ፣ የልጄ ነው፣ ከዓይኑ አውጣው። ጸሎቱን ጨርሳ አሜን አለች።

ከዚያ በኋላ አማራጭ የለኝም አለች። ትዳር በመጀመሪያ። አንዴ በጌታ ፊት ቃል ከገቡ አይፈታትም፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግረዋለን አለች። ሆሳዕና እንቢ ማለት ሞክራለች።

«እማዬ፣ ቤታቸውን እኮ አላውቀውም። በሩ የት እንደሆነ አላውቅም።»

«ባልሽ ያሳይሻል።»

«ምን ብዬ ነው አሳየኝ የምለው?»

«ሙሽራ ነሽ፣ አፍረሽ ነው ይሉሻል። ዝም በይ።»

ሠርጉ ማሻ ተደረገ። ጭጋጉ እስከ ረፋድ አልተነሣም፣ ያ ጠቀማቸው፣ ሁሉም ሰው እግሩን እያየ ነበር የሚራመደው። ሚርያም ሙሽራዋን በክንዷ ይዛ አስገባቻት። ሰው «እናቷ እንዴት ትወዳታለች» አለ። ቃል ሲገቡ ሆሳዕና ዓይኗን ከአልአዛር ድምፅ አልነቀለችም፣ ያያት ሁሉ በፍቅር የምታየው መሰለው። ሚርያም ሸኝታት ቴፒ ወረደች።

ሳምንት አልሞላም። የአልአዛር እናት ሴትየዋ ሞኝ አይደሉም። ሙሽራዋ ሰላም ስትል እጇን ዘርግታ ሰው እስኪጨብጣት እንደምትጠብቅ አዩ። ወጥ ስታወጣ ጣቷን ጭልፋው ውስጥ ነክራ እንደምትለካ አዩ። ለማንም ምንም አላሉም። ጎረቤት በተሰበሰበበት አንድ ቀን የእንጨት መቀመጫ ዱካ አንስተው መሐል ቤት፣ ከመንገዷ ላይ አስቀመጡ።

«ሆሳዕና፣ ነይማ ልጄ» አሉ ለስላሳ አድርገው።

«አቤት» ብላ ብድግ ብላ መጣች። ዱካው ጠልፎ ጣላት። ጥርሷ ከንፈሯን በሳው።

ማንም አላነሣትም። እናትየው ቆመው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «አያችሁ? አንድ ዓይን አላት ብለው ነበር የሰጡን። ዕውር ነው የጫኑብን።» አንዷ ጎረቤት ሳቀች። ሆሳዕና መሬት ላይ ተቀምጣ ደሟን በቀሚሷ ጠረገችና «ይቅርታ፣ ዱካውን አላየሁትም» አለች። ይሄኔ ሌሎቹም ሳቁ።

አልአዛር ራሱ ነው ያመጣት። በሚኒባስ ቴፒ ድረስ አብሯት መጣ፣ ባጃጅ ይዞ ከነሻንጣዋ በር ላይ አደረሳት። አልገባም።

«ግባ እንጂ ልጄ» አለችው ሚርያም።

«አልገባም እማማ። አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ። ዕውር ናት ብትሉኝ ኖሮ አገባት ነበር።»

«አልአዛር...»

«በየቀኑ ደወልኩ። በየቀኑ። ድምፅህን ትወዳለች አሉኝ።» ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ሚርያም እውነቱን ይሁን ሊጎዳት ብሎ ያለው ይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። ሆሳዕና ግን በሩ ላይ ቆማ የባጃጁ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማች። «እውነቱን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንስታ አታውቅም።

አሁን የሚደበቅ ነገር የለም። ሮዳስ ጋ ሄዱ። ሮዳስ አላቀፈቻትም፣ ሙሽራችንም አላለችም። «እርስዎ ውጭ ይቀመጡ» አለቻት ሚርያምን፣ በሩንም ዘጋችባት። በአዲስ ወረቀት ላይ ሁለቱም ዓይን አያይም ተብሎ ተጻፈ። በአሞጽ ደንብ ሆሳዕና በአንድ ጊዜ ከኋላ ተነሥታ ፊት መጣች። ትንሣኤ ሳይደርስ ማዕከሉ ደወለ። ብሌን ተገኝቷል፣ ኑ አለ።

ሚርያም ያን ቀን በጉልበቷ ተንበርክካ አለቀሰች። ይቅር ብሎኛል አለች። መንገዱን ሁሉ በጅማ በኩል ትልቁ ከተማ እስኪገቡ ድረስ መዝሙር በውስጧ ስትል ሄደች።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ቀኝ ዓይኗን በመሣሪያ አየ፣ እንደገና አየ። ሌላ ዶክተር ጠራ። እሱም አየና ወጣ።

«ምን ስታደርጊበት ነበር ዓይንሽን?» አለ ወጣቱ።

«ጠብታ» አለች ሆሳዕና። «ለማሳከኩ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ዶክተሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፣ እንዲህ ነው። ያ ጠብታ ያለ ሐኪም ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ሕመም የለውም፣ ድምፅ የለውም። ግፊቱ ከኋላ ያለውን ነርቭ ገድሎታል። ብሌን ማለት የመስኮት መስታወት በዪው። መስታወቱን ልቀይርላት እችላለሁ፣ ከመስኮቱ ኋላ ግን የሚያይ የለም። ግራው ደግሞ ከሕፃንነት ስለተዘጋ ማየት አልተማረም፣ ቢተከልለትም አይጠቅመውም።» ወረቀቱን ገለበጠ። «የሚገርመኝ፣ ግንቦት ላይ ተመርምራ ቀኙ ጥሩ ያያል ይላል። ያኔ ደክሟል ቢባል ወዲያው ወደኛ ትላክ ነበር፣ ግፊቱን ለክተን ጠብታውን እናስቆም ነበር። ይድን ነበር። ማን ነው እንዲህ የመረመራት?»

ሚርያም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ነርሷ አይደለችም» አለች ሆሳዕና። «እኔ ነኝ። አያለሁ ብዬ ዋሸሁ።»

ዶክተሩ ተነፈሰ። ብሌኑ መበላሸት የለበትም፣ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። «ቀጣዩን አስገቡት» አለ። ሲወጡ አንድ ሽማግሌ በልጁ ተይዞ ሲገባ በር ላይ ተገፋፉ። «ይቅርታ፣ አላየሁም» አላት ሽማግሌው። «እኔም» አለችው ሆሳዕና።

ሲመለሱ ሚዛን አሞጽ ቤት አረፉ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። አሞጽ ሁሉንም ሰማ። እህቱ በዶክተሩ ፊት እንዳደረገችው «እኔ ዋሸሁ» ስትል ሚርያም አልቻለችም። ከጀርባ ቆማ በእጇ እየነካች እንዳሳለፈቻት ነገረችው። ያለቅሳል ብላ ነበር የጠበቀችው። አላለቀሰም። ኮምፒውተሩን አመጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ነይ እይ።» ድምፁ እንደ አስተማሪ ነው። «ይቺ ነጥብ ሆሳዕና ናት። የተመዘገበችው አንቺ እንዳልሽው ነው። አሁን እውነቱን እጽፍላታለሁ። ሁለቱም አያይም፣ ያኔ በግንቦት። እይ።» ነካው። ነጥቧ ጥቂት ቆየችና ቢጫ ሆነች። «አየች። እንደገና።» ነካው። «አየች። እንደገና። አየች።»

«በቃህ አሞጽ።»

«እንደገና። አየች። ይሄ ያንቺ እጅ የሌለበት ነው እማዬ። አየች። ደንቡን ልልክ ነው ስልሽ ፊቴ ተቀምጠሽ ነበር። አንድ ምክንያት ብዬ ለመንኩሽ።»

«አንተስ!» አለች ሚርያም፣ ተነሣች። «እህትህን ከኋላ አስቀምጠህ ያስጨበጨብክ! አንድ ቀን መጥተህ ፊቷን አይተህ ታውቃለህ? በስክሪን ነው የምታውቃት! ወንድሟ ስትሆን ሳታያት አንድ ዓመት ሙሉ!»

አሞጽ እንደገና ነካው። እንደገና። እናቱን አያይም፣ ነጥቧን ብቻ ነው የሚያየው። ሚርያም ጆሮዋን ያዘች። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አየች» ማለቱን ቀጠለ።

«ሁሌ ነው የማየው?» አለች ሆሳዕና ከአልጋው ጫፍ። እዚያ መሆኗን ረስተዋት ነበር።

አሞጽ እጁ ቆመ። «ሁሌ አይደለም ሆሲ። ግን... አብዛኛውን ጊዜ።»

«ያላየሁበት አሳየኝ።»

ፈልጎ አገኘ። «ይሄ ነው።»

«ለምንድነው ያላየሁት?»

«ሞተሽ ነው። ብሌኑ ሳይደርስ።»

«እሺ።» አሰበች። «ባየሁበት ጊዜስ፣ መጀመሪያ ያየሁት ምንድነው?»

«እሱን አይልም። ቁጥር ነው። ዜሮ የነበረችው አንድ ትሆናለች። ሌላ የለውም።»

«ሌላ የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ዝጋው» አለች። «እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ ብዙ ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር።»

ዘጋው። ሦስቱም ተቀመጡ። ሚርያም ልትጸልይ አፏን ከፈተችና ምን እንደምትል ጠፋት። ያን ቀን የሚዛን ፀሐይ ቶሎ አልጠለቀችም።

አሁን ሆሳዕና ቴፒ ናት። አሞጽ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ከእናቱ ጋር ግን ስለ ምሳና ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወሩት። የሸኮው አባወራ ጠይቋት ሄዷል፣ ማርም ይዞላት መጥቶ ነበር። ሚርያም ማሩን ተቀብላ፣ ደስ አለኝ ብላ፣ ጓዳ ገብታ ለብቻዋ ቆመች። ከንቱ ሰው ሞልቷል መቼም። አንዳንዱ ቤት ይገባና ኮቴውን አጥፍቶ ሆሳዕና ፊት ለፊት ይቆማል፣ ከዓይኗ ፊት እጁን ያወዛውዛል፣ እውነት ታውራ እንደሆነ ሊያጣራ። እሷ ትንፋሹን ሰምታ ማን ነው ትላለች። ይስቅና ይወጣል።

ወዳጄ፣ ወደ ቴፒ ከወረድሽ ጎራ በይላት። በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። ስትገቢ ግን፣ አደራሽን፣ ስምሽን ተናገሪ።